የሰይድ ሞተር ካንዴላ

ጂን፣ ዛር፣ የሙት መንፈስ ሲባል እኔ ሳቄ ነው የሚመጣው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከብረትና ከቤንዚን ጋር ነው፣ ሞተር ለመነሳቱም ላለመነሳቱም ምክንያት አለው ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይቺን ስነግርህ እንዳትስቅብኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ መሳለሚያ ሞተር ቢስክሌት የምጠግንባት ጠባብ ጋራዥ ነበረችኝ። ሶማሌ ተራ ጨርቅ የሚነግድ ሰይድ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፣ የሚነዳት የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ነበረች፣ ባለ አንድ ፒስቶን፤ እንደ ሌሎቹ አትንጫጫም፣ ዱግ... ዱግ... ዱግ እያለች ቀስ ብላ ነው የምትመታው፣ ሰፈሩ በድምጿ ያውቃታል። አመለኛ ነበረች ደግሞ፤ መሪዋ ላይ ያለችውን የእሳት ማዘግያ እጀታ ሳትስብ የማስነሻ ፔዳሏን ከረገጥክ፣ እመነኝ፣ ፔዳሉ ተመልሶ እግርህን ይሰብረዋል።

በእኛ ዘንድ ሞተሩን ጋራዥ የሚያሳድር ሰው፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ ይዞት ይሄዳል፣ መካኒኩ እንዳይንሸራሸርበት። እኛም አንቀየምም። ሰይድም ማርሿን እንድሠራለት ትቶልኝ፣ ያቺን አንዲት ካንዴላ ኪሱ ከትቶ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ደሴ ተሳፈረ። ክረምት ነበር፣ አውቶቡሱን ደራሽ ውሃ ወሰደው፤ የሌሎቹ ሬሳ ሲገኝ የእሱ ጠፋ። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ሲል እናቱ እትዬ ዘሀራ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብለው አሻፈረኝ አሉ።

በመጨረሻ ደክሟቸው እሺ ያሉ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋራዤ መጡ።

“ሞተሩን ልየው ብዬ ነው ልጄ፣ አሁን ሄጄ ለቅሶ ልቀመጥለት ነው።”

“ይግቡ እትዬ።”

ሸራውን ገለጥኩላቸው። ኮርቻውን ዳበስ አድርገው፣ “ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“የካንዴላው ቦታ ነው። ሰይድ ይዞት ሄዷል።”

ውሃ ልቀዳላቸው ዞር ስል ከኋላዬ ቀጭ አለ፣ ማዘግያዋ ስትሳብ የምታሰማው ድምፅ ነው፣ አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ፔዳሉ ሲጢጥ እያለ ሲወርድ ሰማሁ፣ እትዬ ዘሀራ ነክተውት ነው ብዬ ብዞር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ራቅ ብለው ቆመዋል! ከዚያ ዱግ አለች። ዱግ... ዱግ... ዱግ። ወንድሜ፣ ጠብታ ቤንዚን የላትም እኮ! መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ብሎኖች ይንኳኳሉ፣ እኔ ጣሳዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ድንገት ጸጥ ስትል እንደምንም ተጠጋሁ። ቀዳዳው ተደፍኗል። ካንዴላ ገብቶበታል፣ ጭቃ የደረቀበት ካንዴላ፤ በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ፣ ጠባሳው ይኸው።

እትዬ ዘሀራ “መጣ! ልጄ መጣ!” እያሉ በእልልታ ወደ ቤታቸው ሮጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው፤ ደጃፉ ላይ ለለቅሶ የተሰበሰበው ሰው ክው አለ። የሰይድ አጎት ክንዴን ጨብጦ፣ “አንተ፣ ልጁን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ?” አለኝ፣ እትዬ ዘሀራም አፌን አፌን ያያሉ። ጭቃውን አሰብኩ፣ ግለቱን አሰብኩ፣ የተቃጠለ ጣቴን ብቻ አሳየሁት።

ለቅሶው ቀረ። ሰይድም አልመጣም። እትዬ ዘሀራ እስኪሞቱ ድረስ ማታ በራቸውን ቀርቅረው አያውቁም፤ እኔ ግን ዛሬም የእኔን በሁለት ቁልፍ ነው የምዘጋው።