ጭነቱ ሲነሳ

ትርሲት ጠዋት ላቦራቶሪውን ስትከፍት መብራቱን ከማብራቷ በፊት በሩ ላይ ቆም ብላ ታሸት ነበር። ከአቃቂ ወጣ ብሎ በመኪና መንገድ ዳር የተሠራው የአፈር መመርመሪያ ቤት ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የገባ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አምፖል ካልበራበት የማያሳይ ነው፤ ሲደርቅ ያደረ አፈር፣ የቀለጠ ሰምና የረጠበ ግድግዳ ሽታ ተቀላቅለው በሩ ላይ ይቀበሏታል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ይገባል። እሷ ደስ ይላታል።

ከኮሌጅ ስትወጣ የአፈር ሜካኒክስን ያለፈችው በግፊያ ነው፤ ራሷም አትክድም። እዚህ ለሙከራ ጊዜ ተቀጥራ አሁን ከሀ ሁ ጀምራ ትማራለች። የሚያስተምሯት የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቁጣ የሚቀድማቸው መሐንዲስ፣ ስለ አፈር ማውራት ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ልጅ እንደሚያባብል ሰው የሚለሰልስ።

«አፈር ማለት ፍሬ፣ ውሃና አየር ነው» አሏት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጥቁር ጭቃ መዳፋቸው ላይ እያድቦለቦሉ። «ሸክላ አፈር ላይ ጭነት ስትጭኚበት መጀመሪያ የሚሸከመው ፍሬው እንዳይመስልሽ። ውሃው ነው። ውሃው ቀስ እያለ ተጨምቆ ይወጣና ጭነቱን ለፍሬው ያስረክባል። ቤት ቁጭ የሚለው ያኔ ነው።»

«ጭነቱን ብናነሳለትስ ጋሼ?»

«ያኔ ይጠማዋል። ከየትም ብሎ ውሃ ይስባል።»

ትርሲት ሳቀች። አፈር ይጠማዋል ሲባል መስማቷ ነበር ያሳቃት።

የእርግዝናዋን ስድስተኛ ወር ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ ሁለቱም ሆዷ ለሰው ሳይታይ፣ ጎረቤት ማርያም በሽልም ታውጣሽ ሳይላት ነው የሄዱት። ይኼኛው ግን ገፍቶ መጥቷል። ይራገጣል፣ ይገለባበጣል፤ ባሏ አስቻለው ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎ «ዛሬ ምን አለ?» ይላታል። ይህን ልጅ ከማጣት ሁለት ዓይኗ ቢጠፋ ትመርጣለች፤ ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም እንጂ በየቀኑ ታስበዋለች።

አምሮቷ ደግሞ አፈር ነበር። እርጉዝ ሴት አፈር ቢያምራት ብርቅ አይደለም፤ ግድግዳ ስትልስ የተገኘች ስንት አለች። ግን ቀኑን ሙሉ አፈር ስትመዝንና ስትፈጭ ለምትውል ሴት ነገሩ የተራበን ሰው ሥጋ ቤት እንደ መቅጠር ነው። ምራቋን እየዋጠች ቻለችው፤ ያ ናሙና እስኪመጣ ድረስ።

ናሙናው የመጣው ፎቅ ሊሠራበት ከታሰበ ረግረግ ቦታ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ቆፋሪዎቹ በሰም የተለበጠውን ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ፣ መሰርሰሪያውን ለማቀዝቀዝ ያፈሰሱት ውሃ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እንደቀረ እያማረሩ ነበር። ቦቴ ሙሉ ውሃ ነው የጠጣው፣ አሉ። ግን ያወጡት አፈር ላይ አንድም የውሃ ጠብታ አልነበረም። ትርሲት ሰሙን በቢላዋ ስትሰነጥቀው ከውስጥ የወጣው ሽታ ከዚያ በፊት የምታውቀው የአፈር ሽታ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚነሳው ዓይነት ሆኖ ከሥሩ ሞቅ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል ነገር አለበት። አፏ በምራቅ ሞላ።

ጋሽ ወልደየስ ከናሙናው ጫፍ ቆንጥረው ሰጧት። «በጥርስሽ ሞክሪው። ድሮ መሣሪያ ሳይኖረን እንዲህ ነበር የምንለየው። ቀጭ ቀጭ ካለብሽ ደለል ነው፤ እንደ ቅቤ ከሟሟ ሸክላ ነው። ከዚያ ትፊው።»

ቀጭ አላለባትም። ምላሷ ላይ ሟሟ፣ ጉሮሮዋን እያለሰለሰ ወረደ። ጋሽ ወልደየስ ጀርባቸውን ሰጥተው ናሙናው የሚገባበትን የብረት ቀለበት ሲያፀዱ እሷ አልተፋችውም።

ናሙናውን ቀለበቱ ውስጥ ልክ አድርጋ ለማስገባት ዙሪያውን ስትከረክም የተረፈውን ፍርፋሪ መጣል ነበረባት። አልጣለችም። በጋዋኗ ኪስ እየያዘች፣ ሰው ዞር ሲል ቆንጠር እያደረገች፣ እስከ ምሳ ድረስ ጨረሰችው።

«ጥርስሽን ታጠቢ» አሏት ጋሽ ወልደየስ ፈገግ እያሉ። «ሰው ቢያይሽ ደመወዝ የማንከፍልሽ ነው የሚመስለው።»

ከሰዓት ሙከራውን ጀመሩ። ቀለበቱ በውሃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ፤ ከላይ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ የብረት ክብደት የሚንጠለጠልበት፣ ከአናቱ ደግሞ ሰዓት የሚመስል ጌጅ፣ አፈሩ ፀጉር ታህል ዝቅ ቢል መርፌው የሚናገር። ትርሲት የመጀመሪያውን ክብደት ስታንጠለጥል ሆዷ ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ የተቀመጠባት መሰላት። ወንበር ሳበች። ከመቆም ብዛት ነው ብላ ተወችው።

የሥራው ደንብ በየማለዳው ክብደቱን እጥፍ ማድረግ ነው። በየማለዳው እጥፍ አደረገች፤ በየማለዳውም ያ የተቀመጠባት ነገር ከበዳት። መርፌው እንደሚጠበቀው ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ግን ከመሬት ተነስቶ ነጠር ይላል፤ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ቦታው። ጋሽ ወልደየስን ብትጠይቃቸው «መኪና ነው» አሏት። «ከባድ መኪና ሲያልፍ ወለሉ ይደነግጣል።» እውነትም መንገዱ ላይ ሲኖትራክ ሲያልፍ የመስታወት ዕቃዎቹ ይንሿሿሉ። ይህ አሳመናት፣ ወይም ልታምን ስለፈለገች አመነች።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። መንገዱም ለጥገና ተዘግቶ ነበር። የኦቨኑ ጉርምርምታ ቆመ፣ ከውጭ ምንም አይሰማም፣ ከፍ ብላ ከተሠራችው ከጠባቧ መስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ ይሞታል፤ በዚያ ደብዛዛ ዝምታ ውስጥ ትርሲት ስትሰማው የከረመችውን ግን ያላስተዋለችውን ድምፅ ሰማች። ጠቅ። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ። ወደ ጌጁ ተጠጋች፣ በስልኳ መብራት አየችው። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ መርፌው ነጠረ። ልጁ ዝም ሲል መርፌውም ዝም አለ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ እንደገና ተራገጠ፣ መርፌውም እንደገና ነጠረ። ፈራች፤ የእግሯ ጣቶች እስኪቀዘቅዙ ድረስ ፈራች።

በማግስቱ ክብደቱ እጥፍ ሆነ፤ የልጁም ርግጫ ደከመ። በሚቀጥለው ማለዳ ከዚያም ደከመ፤ ታፍኖ የሚገፋ ዓይነት ሆነ። መርፌው ከመንጠር ይልቅ መንቀጥቀጥ ያዘ።

«ጋሼ፣ ይህን ሙከራ እናቁመው።»

«ለምን?»

ምን ትበላቸው? «ናሙናው ደህና አይመስለኝም።»

«ገና አንድ እጥፍ ይቀረዋል፣ የፎቁ ባለቤቶችም መሠረት ሊያወጡ ውጤቱን ይጠብቃሉ። አትንኪው» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ለስብሰባ ወጡ። ሲወጡ ግን ፊቷን አይተው በሩ ላይ ዘገዩ። «ካመመሽ ደግሞ ሂጂ፣ ልጄ። ጤና ጣቢያው እኮ እዚሁ ፊት ለፊት ነው።»

ሳትሄድ ቆየች። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ውሃ ጠጣች፣ በጎኗ ጋደም አለች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ በስም አልባነቱ «አንተ» እያለች ጠራችው። ምንም የለም። ያን ጊዜ ሥራዋም፣ የሙከራ ጊዜዋም፣ ጋሽ ወልደየስም ገደል ይግቡ አለች፤ ተነስታ ክብደቶቹን አንድ በአንድ ከዘንጉ ላይ አወረደች። የመጨረሻው ብረት ወለሉን ሲነካ ያ ሆዷ ላይ የከረመው ነገር ተነሳላት። ልጁ ተገለበጠ፣ በደንብ፣ እንደ ድሮው፤ መርፌውም ወደ ላይ ዘለለ። ትርሲት ጠረጴዛውን ተደግፋ በደስታ አለቀሰች።

ዓይኗን ስትጠርግ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ቀንሷል። እያየችው ቀነሰ፤ ጠርዙ ላይ እርጥብ መስመር እየተወ ወረደ፣ ከቀለበቱ ሥር ሕፃን ጡት ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት ስልቅ ስልቅ የሚል ድምፅ ይወጣል። ያኔ ይጠማዋል ያሏት ትዝ አላት። ጥግ ላይ የነበረውን የውሃ ማሰሮ አንስታ ሞላችለት፣ ጨረሰው። ደግማ ሞላችለት፣ ጨረሰው። ቧንቧውን ስትከፍት ውሃ የለም፣ ሄዷል። ባዶ ማሰሮ ይዛ ስትቆም ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ፣ ከንፈሯ ሲሰነጠቅ ተሰማት፣ የሆዷም ቆዳ ከውስጥ እንደተሳበ ሁሉ ተጨማደደ። በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ደርባባ፣ እጇ የሞቀ ሴት ናት። የማዳመጫዋን ቀንድ የትርሲት ሆድ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፣ አዳመጠች፣ ቦታ ቀየረች፣ እንደገና አዳመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። በመዳፏ የሆዷን ዙሪያ ጫን ጫን አደረገችው።

«እህቴ፣ ውሃ ፈሶሻል?»

«ኧረ አልፈሰሰኝም። ጠብታም የለም።»

«የሽርት ውሃው የለም እኮ» አለች ሲስተር፣ ለራሷ እንደምትናገር። ቀንዱን መልሳ ደቀነች። ትርሲት ጣሪያውን እያየች «ተገኘ?» አለች። ሲስተር ቀንዱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረች።

የትርሲት ስልክ ጮኸ። ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ድምፃቸው ላይ ቁጣም አለ፣ ቁጣ ያልሆነም ነገር አለ።

«ትርሲት፣ ክብደቱን ያወረድሽው አንቺ ነሽ? ገንዳውን ምን ጨምረሽበት ነው? ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እየፈሰሰ ነው፤ ደግሞ ሞቅ ያለ ነው… ቆይ፣ ስሚ፤ መርፌው አላቆም ብሎኛል» አሉና ስልኩን ወደ ጌጁ አስጠጉት።

ሲስተር ቀንዱን ከሆዷ ላይ ቀስ ብላ አንስታ አንገቷን ደፋች፤ ትርሲት ግን በስልኩ ውስጥ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ጠንካራና ጤነኛ የሆነውን የልብ ምት ሰማችው።