የቦራ ግራ እግር

ቦራ ትናንት ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ሁለት መቶ አርባ ገባ። ወፍሮ አይደለም። ወለሉ በአንድ ክንድ ስለወረደ ነው።

ይህ ግራ የሚያጋባው ሰው ካለ ባጭሩ ልንገረው። ድሮ እግሩ የተሰበረ ፈረስ መድኃኒቱ ጥይት ነበር። እንዳይተኛ፣ ተኝቶ መክረም የማይችል ፍጥረት ነው፤ እንዳይቆም፣ የገዛ ክብደቱ ስብራቱን ይፈጨዋል። አሁን ግን ወደ ላይ ይላካል። ምድርን የሚዞረውን ጣቢያ ሠራተኞቹ «ቀለበት» ይሉታል። እንደ መንኮራኩር ስለሚሽከረከር ክብደት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ መሃሉ አጠገብ ፈረስ እንደ ፍየል ይቀላል፣ ወደ ጠርዙ በወረደ ቁጥር ይከብዳል። «ወራጅ ወለል» የሚሉት ጋጣ ታካሚውን ይዞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ጠርዙ ይወርዳል። ጠርዙ ላይ በአራት እግሩ የቆመ ፈረስ የምድርን ክብደት ቻለ ማለት ነው፤ አገሩ ይገባል።

ውብርስት በወረቀት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ጡንቻና መገጣጠሚያን በእጅና በእንቅስቃሴ የምታክም። የፈረሶቹና የውሾቹ ባለቤቶች ግን «ወጌሻዋ» ነው የሚሏት። እሷም ከወረቀቱ ይልቅ ይሄኛውን ትወዳለች።

«በል ጌታዬ» አለችው ቦራን፣ እጆቿን እያፋተገች። ቀዝቃዛ እጅ ፈረስ ላይ አታሳርፍም። «ዛሬ ግራውን ካላስቀመጥክ ተጣላን።»

ትከሻውን ከላይ ወደ ታች አሸችው፣ ጉልበቱን አጠፈችና ዘረጋችው። ቦራ ደስ ብሎት ዓይኑን ከደነ። ከዚያ እግሩን ለቀቀችውና ወለሉ ላይ የሚበሩትን አራት ቁጥሮች አየች። በሦስቱ ሰኮናዎች ስር ሰማንያ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ። በግራ የፊት እግሩ ስር ዜሮ። ጫፉን ብቻ አስነክቶ ቆሟል።

የሚያናድደው ይሄ ነው። አጥንቱ ከገጠመ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ ፎቶው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለም። ግን ቦራ አያምንም። ጠርዙ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እዚያ በሦስት እግር የደረሰ ፈረስ ደግሞ ጤነኛዎቹ ሰኮናዎቹ ከክብደቱ ብዛት ይፈርሱበታል፤ የሚጠብቀውም የሞት መርፌ ነው። ውብርስት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን መርፌ ሁለት ጊዜ አይታለች። ሦስተኛውን ማየት አትፈልግም።

ድምፅ ማጉያውን ከፈተችለት። የባለቤቱ ድምፅ ወጣ፦ «ቦራዬ! ና እስቲ የኔ ጌታ!»

ባለቤቱ አቶ ጫኔ ይባላሉ፤ እንጅባራ ወዲያ ነው አገራቸው። አቶ ጫኔ ብሎ የሚጠራቸው ግን የለም። እዚያ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አባ ቦራ ናቸው፣ ለቄሱም ለልጆቻቸውም አባ ቦራ። በየሳምንቱ ለፈረሳቸው መልእክት ይልካሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቦራ ድምፃቸውን ሲሰማ ሁለቱ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና እንደ ሕፃን ያሽካካ ነበር። ውብርስት አንዴ አንጀቷን በልቷት አልቅሳለች። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጆሮውን እንኳ አያዞርም። ማጉያውን ሁለት ጊዜ አስቀየረች። መዝገቡ ላይም «የመስማት ችግር ይመርመር» ብላ ጻፈች።

ዛሬም ጆሮው አልዞረም። በዚሁ መሃል ነው ቀለበቱ የተንቀጠቀጠው። የገብሱ ባልዲ ተደፋ፣ ቦራ ደነበረ፣ ማንቂያው ጮኸ።

ቀለበቱ ሚዛኑን የሚጠብቀው በውኃ ነው። ፈረሶች በአንዱ በኩል ሲበዙ ፓምፑ በተቃራኒው በኩል ውኃ ይሞላል። ፓምፑ ተይዞ ነበር። ተረኛዋ ውብርስት ስለሆነች የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ከፍታ በእጇ ልታስተካክል ገባች። እናም አንድ ነገር አየች። ማሽኑ አምስት ቶን ውኃ ከመጋዘን አራት ትይዩ ለማስቀመጥ ይታገላል። መጋዘን አራት ደግሞ ባዶ ነው። በሩ ላይ «ባዶ» ተብሎ ተጽፏል፤ የምታውቀውም ባዶ መሆኑን ነው።

ውብርስት እንጀራዋን የምትበላው ክብደት በመገመት ነው። አምስት ቶን ስንት ፈረስ እንደሆነ ለማስላት ወረቀት አላስፈለጋትም። አሥራ አራት።

ወዲያው አንበሴ ትዝ አላት። አንበሴ መኪና የኋላ እግሮቹን ያሽመደመደበት የዘበኛ ውሻ ነው፤ የነርቭን መልእክት በሚያሻግር ቀበቶ እንደገና መራመድ ስታስተምረው ከርማለች። በየጠዋቱ ወደ ዋና ገንዳው ሲሄድ መጋዘን አራት በር ላይ ይቆምና ጅራቱን እንደ ጉድ ይቆላል። እሷ ቀበቶው የተሳሳተ መልእክት የላከ መስሏት ሽቦውን ስታስተካክል ኖራለች። የፈረሱን ጆሮም፣ የውሻውንም ጅራት ማሽን ላይ አላከከች። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁለቱም ጊዜ እንስሳቱ እውነታቸውን ነበር።

የአደጋ ጊዜ ቁልፉን ይዛ ሄደች። በሩን ከፈተችው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ድርቆሽና የፈረስ ላብ። ከዚያ አንዲት ነጭ ውሻ እየሮጠች መጥታ እግሯ ስር ተንከባለለች። ሻሼ ናት። ከሁለት ወር በፊት ፀጉሯን አበጥራ፣ አንገቷ ላይ ሪባን አስራ፣ «ለእመቤትሽ ሰላም በይልኝ» ብላ የሸኘቻት ሻሼ። ከኋላዋ ፈረሶቹ ቆመዋል። መጋቢ ማሽኖች በመካከላቸው እየዞሩ ሣር ያድላሉ። ጥቁሩ ፈረስ ጉራቻ ውብርስትን ሲያይ ቀስ ብሎ ቀኝ የኋላ እግሩን አነሳና ዘረጋላት። ራሷ ነበረች «እግር ስጠኝ» ሲባል እንዲህ እንዲያደርግ ያስተማረችው። ጉራቻ አምና አገሩ ሜዳ ላይ ሲጋልብ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኳ ውስጥ አለ። ለእናቷ ሳይቀር ልካዋለች።

«ውብርስት።» ከኋላዋ ዶክተር ደርበው ቆመዋል። የጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ የእሷም አስተማሪ። ፈረስ ከመንካቷ በፊት እጇን እንድታሞቅ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ጉራቻ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይደል ያሳዩኝ?» አለች።

በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ቪዲዮውን ማን ሠራው?»

«ማሽን።»

«ማሽኑን ማን አዘዘው?»

«እኔ» አሉ ዶክተር ደርበው።

ከዚህ በኋላ እኔም አንቱታውን ትቼዋለሁ። ደርበው እንዲህ ሲል ተናገረ፦ «ባለቤቱ ተቀብያለሁ ብሎ ካልፈረመ ወደ ምድር የምትመልሳቸው መርከብ አትጭንም። ተቀባይ ያጣ ደግሞ በመርፌ ይሰናበት ነው የሚለው ደንቡ። የሁሉም ባለቤት ጋ ደወልኩ። አንዱ ከተማ ገባሁ አለኝ። አንዱ እግሩ ተሰብሮ የነበረ ፈረስ ማን ይጋልባል አለኝ። የሻሼ እመቤት የቷ ሻሼ ብላ ጠየቀችኝ። የሚፈርም ጠፋ። መርፌውን አነሳሁት፣ እጄ እምቢ አለኝ። እዚህ አስገባኋቸው።»

«እኔንስ? እኔን የት አስገባኸኝ?» አለችው። እሱን «አንተ» ያለችው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እውነቱን ብታውቂ እጅሽ ይቀዘቅዝ ነበር። ፈረስ ደግሞ ያውቃል።»

«ዘጠኝ ዓመት! በየጆሯቸው አገርህ ትገባለህ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ ስል! ሲያማቸው፣ ሲደክማቸው፣ አይዞህ ባለቤትህ እየጠበቀህ ነው ስል! አንተ እዚያ ቆመህ ትሰማኝ ነበር! ምነው፣ ምን በደልኩህ?» እሱ ፊት ማልቀስ ስላልፈለገች ፊቷን ወደ ጉራቻ አዞረች። «ቦራ እዚህ አይገባም። የቦራ ባለቤት እንደነዚያ አይደሉም። በየሳምንቱ...»

ደርበው መሬት መሬት ያያል።

«እሱንም?» አለች።

«የመጀመሪያዎቹ አምስት መልእክቶች የራሳቸው ናቸው። ከዚያ ዝም አሉ። ድምፃቸው ስለነበረኝ ማሽኑ ቀጠለበት።»

እሷ ተሞኝታለች። ፈረሱ አልተሞኘም። ሁለት ወር ሙሉ የማያውቀው ነገር በባለቤቱ አንደበት «ና እስቲ የኔ ጌታ» ሲለው ጆሮውን ሳያዞር ቆሞ ኖሯል። ጆሮህ ይመርመር ብላ የጻፈችበት ቦራ።

ባለቤቶችን ማነጋገር የደርበው ሥራ ብቻ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ቁጥሩን ከመዝገቡ አውጥታ ወደ ወራጁ ወለል ሮጠች፣ ጥሪውን ከቦራ ራስ በላይ ካለው ማጉያ ጋር አገናኘችው።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

የቦራ ግራ ጆሮ ዞረ። ቀኙ ተከተለ።

«ውብርስት ነኝ አባ ቦራ፣ ወጌሻዋ። ከቀለበቱ።»

«እንዴ! ወጌሻዋ! እንደምን ከርመሻል ልጄ? ሁሉ ሰላም?»

«ሰላም ነው። ቦራ ድኖልዎታል። ተቀብያለሁ ብለው አንድ ፊርማ ብቻ ከሰጡኝ በወሩ መጨረሻ እጅዎ ይገባል።»

በዚያ በኩል ነፋስ ይሰማል፤ ሰው ይስቃል፤ የፈረስ ኮቴ ያንኳኳል። «አንተ ቆይ እንጂ! ቆይ ቦራ!» አሉ ሽማግሌው። ለእሷ አልነበረም።

«ማንን ነው አባ ቦራ?»

«ፈረሱን ነዋ።»

«የቱን ፈረስ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ምን ልበልሽ ልጄ። እሱ የወጣ ሰሞን የፈረሰኞቹ በዓል ደረሰ። አገር ምድሩ አባ ቦራ፣ አባ ቦራ ይለኛል፤ በእግሬ ልሂድ? ግንባሩ ነጭ የሆነ አንድ ፈልጌ ያንኑ ስም ሰጠሁት። ሰዉም ለመደው፣ እኔም ለመድኩት። አሁን ሁለት ቦራ ምን ያደርግልኛል? እዚያው ኑሮ ከተመቸው...»

ውብርስት ወለሉን እያየች ነበር። በግራ የፊት እግሩ ስር ያለው ዜሮ ሃያ ሆነ። አርባ። ስድሳ። ቦራ አንገቱን ወደ ማጉያው ዘረጋ፣ ግራ እግሩን አስቀመጠ፣ ክብደቱን ሁሉ ጣለበት፣ አንድ እርምጃ ተራመደና ጋጣው እስኪናወጥ አሽካካ።

«ታካሚው በአራት እግሩ ቆሟል» አለ ማሽኑ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባ ቦራ።

«እሱ ነው።»

«አወቀኝ?» አሉ ሽማግሌው።

«አወቀዎት።»

«በይ ልጄ... እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አልችልም። ደህና ሁኚ።» መስመሩ ተቋረጠ። ቦራ ጆሮዎቹን አቁሞ ማጉያውን ሲያይ ቆየ። ውብርስት ጋማው ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። ደርበውን ተሳድባለች፣ አሁን ለሽማግሌው ስድብ አጣች።

በማግስቱ ቦራ እንደገና በሦስት እግሩ ቆመ። ባለቤቱን ሰምቶ ተራመደ፤ ባለቤቱ ዝም ሲሉ አቆመ። አሻሸችው፣ ለመነችው፣ ተቆጣችው። ደርበው በሩ ላይ ቆሞ «ማሽኑ አዲስ ድምፅ...» ብሎ ሳይጨርስ በዓይኗ አባረረችው። ደግሞም ቦራ የማሽንን ድምፅ ለይቶ ያውቃል፤ የሚፈልገው የባለቤቱን ነው፤ እውነተኞቹ አምስት መልእክቶች ደግሞ ማሽኑ ድምፁን ከተማረባቸው በኋላ ተሰርዘዋል። አዲስ ቃል ከየት ታምጣ፤ ብትደውል ስልኩን አያነሱትም።

አንድ ነገር ግን በእጇ አለ። ከቀለበቱ የሚደወል ጥሪ ሁሉ ይቀዳል።

ሁለት ቀን አመነታች። ሁለት መቶ ስድሳ። ሁለት መቶ ሰባ። የቀኝ ሰኮናው መሞቅ ጀመረ፤ መፍረስ የሚጀምረው በዚያ ነው። በሦስተኛው ጠዋት እጆቿን አፋተገች፣ ትከሻውን አሸችው፣ ቅጂውን ከፈተችው።

«...ሰዉም ለመደው፣ እኔም ለመድኩት» አለ የአባ ቦራ ድምፅ። «አሁን ሁለት ቦራ ምን ያደርግልኛል?»

የቦራ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። አሽካካ። ግራ እግሩን አስቀመጠና ወደ ድምፁ ተራመደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ከማጉያው ስር ደርሶ ዘወር ብሎ አያት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈረሶች ሁሉ አምነው ሲያይዋት እንደኖሩት።

«ጎበዝ» አለችው ውብርስት፣ አንገቱን እየደባበሰች። እጇ ሞቃት ነበር። «ሰማሃቸው አይደል? እየጠሩህ ነው።»

ከዚያ ቅጂውን ወደ መጀመሪያው መልሳ እንደገና ከፈተችለት።