ለአንድ ማህተም አሥራ ሁለት ሺ

በአልባኒያ ድንበር ኬላ ከውጭ አገር ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ የሚሰበስበው ፋትባርድ፣ ከኬላው በላይ ወዳለው መጠጥ ቤት በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ሥር አናቱ ተፈንክቶ ተገኘ። መርማሪ ዛሚራ ከሽኮድራ ከተማ ስትደርስ ሚስቱ ሉሌ ቆቡን ታቅፋ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቋል።

ተጠርጣሪው ተይዟል። በብስክሌት የመጣ ዊለም የሚባል ሸበቶ ሆላንዳዊ ነው፤ እጆቹ በካቴና ታስረዋል። ውጭ የተሰበሰቡት የሟች ዘመዶች «ስጡን» ይላሉ። ጥበቃዎቹ ሁለት ናቸው፤ እነሱም ከመንደሩ ናቸው። ዛሚራ ሰውዬው እስኪመሽ በሕይወት መቆየቱን ተጠራጠረች።

«እርስዎ ምን ሰሙ?» አለችው የኬላውን ኃላፊ ረጀፕን።

«እዚህ የቆመ የጭነት መኪና ሞተር ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። የሰማው ሶኮል ነው፣ የሉሌ ወንድም። መጠጥ ቤቱ የሱ ነው።»

ሶኮል የእህቱን ትከሻ ይዞ ቆሟል። «በገዛ ጆሮዬ! በተሰባበረ አልባንኛው ‹ለአንድ ማህተም አሥራ ሁለት ሺ ሌክ? ሌቦች!› ብሎ ጮኸበት። ስወጣ ፋትባርድ ወድቋል። በወጉ የሬሳ ሣጥኑን ከፊት የምሸከመው የሚስቱ ወንድም እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዛሚራ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አነበበችና ወደ ዊለም ሄደች።

«ሁለቴ ከፈልኩ» አለ፣ ቃላቱን እየለቀመ። «መጠጥ ቤት አሥር ዩሮ። እዚህ አሥር ዩሮ። ለሟቹ ነገርኩት። አፈረ። ይቅርታ አለኝ፣ ወጣ። እባክሽ፣ ሚስቴ ትጠብቃለች።»

«ባልሽ ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር?» ስትል ሉሌን ጠየቀቻት።

«ከሶኮል ጋር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ዛሚራ ሁሉንም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሰበሰበች። ውጭ ካሉት ዘመዶችም አንድ ሽማግሌ አስገባች።

«አቶ ረጀፕ፣ የመግቢያው ክፍያ በኛ ገንዘብ፣ በሌክ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት ሺ።»

«አንተስ ዊለም?»

«አንድ ሺ ሁለት መቶ። አሥር ዩሮ።»

«መስኮቱ ላይ የተጻፈው ዊለም ያለው ነው» አለች። «መንግሥት ከገንዘቡ አንድ ዜሮ የቀነሰው በአባቶቻችን ጊዜ ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ ዜሮዋን ጨምረን እንጠራለን፤ እኔም ገበያ ስወጣ እንደዚያው ነኝ። የውጭ ሰው የተጻፈውን ነው የሚያነበው። አሥራ ሁለት ሺ ብሎ የሚጮኸው የኛ ሰው ብቻ ነው። ሶኮል፣ ያንን ጩኸት ፈጠርከው።»

ሶኮል እጁን ከእህቱ ትከሻ ላይ አነሳ።

«ጎብኚዎችን ከኬላው በፊት እያስቆምክ የመግቢያ ነው ብለህ ትቀበላለህ። ፋትባርድ ለሚስቱ ሲል ቻለህ። ዛሬ ግን የዚህን ሰውዬ አሥር ዩሮ ሊያስመልስ ደረጃውን ወጣ። ያ ደረጃ ካንተ ቤት በቀር የትም አያደርስም።»

«ሊከሰኝ ነው አለኝ» አለ ሶኮል፣ ሉሌን ብቻ እያየ። «ገፋሁት እንጂ እንዲሞት አልፈለግሁም።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ሶኮል ለሱም ዘመዱ ነው። ካቴናው ከዊለም እጅ ወደ ሶኮል እጅ ተዛወረ።

«ሣጥኑን ከፊት የሚሸከመው እሱ ነበር» አለች ሉሌ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሌላ ወንድም የለኝም።»

ዊለም ተለቅቆ መንገዱ ተከፍቶለት ነበር። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተመለሰና ፊቷ ቆመ።

«እኔ ልሸከም» አለ፣ ትከሻውን እየነካ።