ያልተረገጠው ፍሪሲዮን

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የአሮጌው ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ወርዶ በምትኩ ማኑዋል ተገጠመለት። ማክሰኞ ጠዋት የመኪናው ባለቤት የሆነው መካኒክ በመኪናው ግንባርና በጋራዡ ግድግዳ መካከል ተጨፍልቆ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪዋ ስትደርስ በጋራዡ አብሮት የሚሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሁለት እጁን ለካቴና ዘርግቶ ጠበቃት።

«ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሳላስበው ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።»

ወንድማማቾቹ ባለፈው ሳምንት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ስለዚህ «ሳላስበው» ማለቱን የሚያምን አልነበረም። የሚጠብቀው ክስ የነፍስ ግድያ ነው። የሟቹ ሚስት ደግሞ ከጠዋቱ ጩኸት ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም።

መርማሪዋ መኪናውን ዞረችው። ኮፈኑ እንደተከፈተ ነው፤ ከፊቱ ያጎነበሰ ሰው ከሹፌሩ በኩል አይታይም። የወረደው ካምቢዮ የሹፌሩን በር ተደግፎ ስለተቀመጠ በሩ አይከፈትም። ወንበሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተነጠፈው ጋዜጣ አንድም እጥፋት የለበትም። በተከፈተው መስኮት ጠርዝ ላይ የተኛው አቧራ በአንድ ክንድ ስፋት ተጠርጓል። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው።

ጎረቤቱ ጎሚስታ ደጃፉ ላይ ጎማ ላይ ተቀምጧል።

«ከሟቹ ጋር ይጣሉ ነበር ይባላል» አለችው።

«በየቀኑ። ራዲዮ አጮህክብኝ ይለኛል፣ መዶሻህ አደነቆረኝ እለዋለሁ። ካልተጣላን ምሳ አይበላልንም ነበር።» ዓይኑን በጠቆረ እጁ ጀርባ አበሰ። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ፣ እህቴ?»

«መኪናውን ጠዋት ጠዋት ማን ነበር የሚያስነሣው?»

«ሚስቱ ናታ። መንዳት አትችልም፤ ግን ካምቢዮው እስኪሰበር ድረስ፣ እሱ ሻይውን ተረጋግቶ እንዲጠጣ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በመስኮት እጇን ሰድዳ ሞተሩን ታሞቅለት ነበር። "የሞተሩ ሞግዚት" እንላት ነበር።»

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው የባሏን ቱታ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«አውቶማቲኩ በነበረ ጊዜ» አለች መርማሪዋ፣ «ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሩ አይነሣም ነበር። ከውጭ ሆኖ ማስነሣት አያሰጋም። ከሰኞ ወዲህ ግን፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ፣ ቁልፉ ሲዞር መኪናው ወደፊት ይዘላል።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ፍሪሲዮኑን የገጠሙት እርስዎ ነዎት። የእጅ ፍሬኑ ስለላላ በማርሽ መቆሙንም ያውቃሉ። እርስዎ ቢሆኑ ገብተው፣ ረግጠው ነበር የሚያስነሡት። ቁልፉን ያዞረው ሰው ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ካምቢዮው መቀየሩንም አልሰማም።»

«መቀየሩን ደብቀናት ነበር» አለ ወንድምየው። «"ላስደንቃት ነው፣ ነድቼ ደጇ ላይ አቆምላታለሁ፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ" አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«የወንድሜ ልጅ አባቷን አጥታለች። እናቷንም ትጣ?»

ሚስትየው ቱታውን አጥብቃ ያዘች።

«መኪናው ከመሰቀያው ወርዶ አየሁ» አለች ቀስ ብላ። «ተሠራ ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ቤት ውስጥ ሻይ የሚጠጣ መስሎኝ ነበር።»

ጎሚስታው ቆቡን አወለቀ። ወንድምየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሴትዮዋ ተነሥታ ቱታውን ለወንድምየው አቀበለችው።

«ልጄ ሐሙስ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ትመጣለች» አለች። «እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»