አምስተኛው ባልዲ

ትህትና ተከራዩን መጠርጠር የጀመረችው ቲማቲሞቿ ገና ሳይገረጡ ነው። ጋሮምሳ ሻንጣውን ባስገባ ቀን፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን አምስት የቀለም ባልዲዎች አየና፣ «እነዚህ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ ሞተሬን አቆም ነበር» አላት። በልቧ ያዘችው።

ለነገሩ ያልጠረጠረችው ሰው አዳማ ውስጥ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ሚኪያስ የሚባል ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮላት፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቢሾፍቱ ላይ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉት ተሰማ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ወንድ ሲያዛጋ እንኳ ምን ፈልጎ ነው ትላለች። የምታምነው ቲማቲሞቿን ብቻ ነበር። ባልዲዎቹን ራሷ መርጣ፣ ጠብታ እንዳያፈሱ አንድ በአንድ ውሃ ሞልታ ፈትሻ ነው የተከለችባቸው። ውሃ በፈረቃ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ በሚመጣበት ሰፈር፣ በሚያፈስ ባልዲ የሚተክል ሰው ጤነኛ አይደለም።

ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ትህትና የጧቱን ውሃ ጨመረች። እኩለ ቀን ላይ ጠውልገው ሲያዩዋቸው ደግሞ እናቷ ወይዘሮ ተሻለች አንጀታቸው አልችል ይልና የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ ይደግሙላቸዋል። ቲማቲሞቹ ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰባቸው።

«ውሃ በዝቶባቸው ነው» አላት ጋሮምሳ አንድ ጧት፣ ሄልሜቱን በክንዱ እንዳንጠለጠለ።

ትህትና ሳቀች። «ናዝሬት ላይ ውሃ በዝቶ ያውቃል?»

«ጣትሽን ክተቺና እዪው። ከላይ ደረቅ፣ ከታች ጭቃ ነው። ፀሐይ ያደከመው ቲማቲም አየሩ ሲቀዘቅዝ ቀና ይላል፤ ያንቺ ግን ሲነጋም እንደተደፋ ነው።»

«አንተ ሲነጋ የእኔን ቲማቲም ምን ስታደርግ አየኸው?»

ፈገግ አለ፤ እሷ አላለችም። ፈገግታው ግን ቀኑን ሙሉ አብሯት ዋለ፣ እሱም ሌላ ጥርጣሬ ሆነባት።

ሥራው ደግሞ ነገሩን አባሰው። ጋሮምሳ ገበያው አጠገብ ዘርና የተባይ መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። መድኃኒት እጁ ላይ ያለ፣ ሞተር ማቆሚያ የሚፈልግ፣ ጧት ጧት ባልዲዎቿ ላይ አጎንብሶ ጣቱን አፈር ውስጥ የሚከት ሰው። ትህትና ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ይህን ሁሉ ቆጥራ ይዛለች። ሲያጎነብስ ዓይኗ አንገቱ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ግን አልቆጠረችም።

እሑድ ረፋድ እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቡናማ ውሃ በረንዳውን አቋርጦ ይወርዳል። ጋሮምሳ ተንበርክኮ፣ በከሰል ያጋለውን ምስማር በፒንሳ ይዞ፣ የአራተኛውን ባልዲ ግርጌ እየበሳ ነበር። የሚወጣው ውሃ ይሸታል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሥሩ ሰምጧል። መውጫ እያበጀሁለት ነው።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም» አለ ምስማሩን ከባልዲው እየነቀለ። «ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ። እስክታምኚኝ ብጠብቅ ይሞታሉ ብዬ ነው።»

«ሚኪያስም የደበቀኝን ሁሉ የደበቀኝ ለእኔው ብሎ ነበር። ቤቱን ልቀቅልን።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ» አሉ ወይዘሮ ተሻለች። አልሰማቻቸውም። ጋሮምሳ ሚኪያስ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ምስማሩን አምስተኛው ባልዲ አጠገብ አስቀመጠና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ማክሰኞ ሻንጣውን ሞተሩ ላይ አስሮ፣ ከአዳማ ብዙም በማትርቀው ደራ ከተማ ወላጆቹ ቤት ገባ፤ ሥራውን ከዚያ ይመላለሳል።

ትህትና መርዙ እስኪገለጥ ጠበቀች። እንደወትሮው አምስቱንም እኩል አጠጣች፤ እናቷም ማለቅለቂያቸውን ደገሙ። የተበሱት አራቱ የተረፋቸውን እያንጠባጠቡ አወጡ። በሳምንቱ አንደኛው ከጫፉ አዲስ ቅጠል አወጣ፣ ሌሎቹም ቀና ቀና አሉ። በሦስተኛው ሳምንት አራቱም አበባ ያዙ። ጋሮምሳ ያልነካው አምስተኛው ብቻ እስከ ላይ ገረጣ። ጣቷን ከተተች። በሁለተኛው አንጓዋ ላይ ጭቃው ያዛት። ባልዲውን ታቅፋ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ለቲማቲሙ እንዳልሆነ አውቃዋለች። ያባረረችውን ሰው ናፍቃ ነበር።

«ታዲያ እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አሏት እናቷ። «የደራ ሚኒባስ ያለው መናኸሪያ ነው።»

ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትጠረጥር ነበር። ሚስት ቢኖረውስ? ጠይቃ የደረሰችበትን በር የከፈተችላት ደግሞ ሕፃን ያዘለች ቆንጆ ወጣት ናት። ትህትና ልትመለስ ዞረች።

«ያቺ ባለ ቲማቲሟ ነሽ አይደል?» አለቻት ወጣቷ ባልዲውን እያየች። «እኔ ቢሊሴ ነኝ፣ እህቱ። ስላንቺ ሲያወራ ጆሯችንን አደንቁሮናል።» ወደ ጓሮ ዞራም ወንድሟን ጠራችው።

ጋሮምሳ እጁ አፈር እንደሆነ መጣ።

«አራቱ ድነዋል» አለች ትህትና።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ከሥራ ስወጣ በእናንተ ደጅ ነው የማልፈው።»

«መንገድህ አይደለም እኮ።»

«አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ትህትና ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለውን ምስማር አወጣች። «ይሄኛው ቀርቷል። ይድናል?»

«እንጃ። ሥሩ ጨርሶ ካልበሰበሰ ይድናል።»

«ብሳው፤ ፈቅጃለሁ። መጠርጠሩን ግን በአንድ ቀን አልተውም። ስጠረጥርህ አትሽሸኝ። አንተም ሳታስፈቅደኝ ለእኔ ብለህ ምንም አታድርግ።»

ምስማሩን ከእጇ ሲቀበል ጣቶቹ ጣቶቿ ላይ ቆዩ። «እሺ» አለ። «ሞተሬንስ የት ላቆም ነው?»

«ባልዲዎቹን ፈቀቅ አድርጌያቸዋለሁ።»