በመሣሪያዎች በዓል የተከፈተው ቤት

ኒባራን ካርማካር ሲቆጣ የቺትፑር ሰፈር ሰው ሁሉ ይሰማል። በደጁ የሚያልፈው ትራም እንኳ ያን ያህል አይጮኽም! ሰውየው ሥዕል እንጨት ላይ ቀርጾ በወረቀት የሚያትም፣ በሙያው አንቱ የተባለ፣ በቤቱ ግን በትር ከእጁ የማይለይ አባት ነበር። ሚስቱ ሱራባላ የፊት ጥርሶቿን ያጣችው ታማ አይደለም። የልጁ የቢማል ጀርባ ላይ ያለው ጠባሳም ከዛፍ ወድቆ የመጣ አይደለም። ከዚያ በትር ያመለጠችው ታናሿ ልጁ አሎካ ብቻ ነበረች። ለምን ይመስላችኋል? እጇን ስለሚፈልገው ነዋ!

አዎን፣ እጇን! የኒባራን ዓይን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ግላኮማ የሚሉት በሽታ ከዳር ጀምሮ እያጨለመበት መጥቶ በመጨረሻ ቀንና ሌሊት የማይለይ አደረገው። ይህን ከቤቱ ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በሩን ዘግታ፣ መሮውን ጨብጣ፣ የአማልክቱን ፊት፣ የሴቶቹን ጸጉር፣ የወንዙን ሞገድ ከእንጨቱ የምታወጣው አሎካ ነበረች። ከሥዕሉ ግርጌ ግን የሚጻፈው "ኒባራን" ነው። ይህች ልጅ ምን ጠየቀች? ጌጥ አልጠየቀች፣ ባል አልጠየቀች። አባቷ አንድ ቀን ሰው ፊት "ይሄ የልጄ ሥራ ነው" እንዲላት ብቻ ነበር የምትመኘው። ለዚያች ቃል ስትል ወጣትነቷን እንጨት ላይ አቀርቅራ ጨረሰችው...

የእህቱ ነገር የቢማልን አንጀት ይበላው ነበር። "አባባ፣ ቤታችንን ለጎብኚ እንክፈተው እንጂ! ሰው እኮ ሥራውን ከነመሥሪያ ቦታው ማየት ይፈልጋል" እያለ የሚወተውተው፣ ቤቱ በእንግዳ ከሞላ አባቱ እውነቱን ይናገራል ብሎ ነው። ኒባራን ደግሞ ሙገሳ ይወዳልና እሺ አለ። ቀኑን ግን ራሱ መረጠ፤ የባለሙያዎች አምላክ የቪሽዋካርማ በዓል ዕለት ይሁን አለ። በዚያ ቀን የእጅ ባለሙያ ሁሉ መሣሪያውን አጥቦ፣ አበባ አልብሶ በአምላኩ ፊት ያስቀምጠዋል፤ እስኪነጋ ድረስ መንካት ነውርም ኃጢአትም ነው። ተንኮሉን አያችሁልኝ? "እስቲ ሲቀርጹ እንይዎት" የሚል ጎብኚ ቢመጣ አፉን የሚያስይዝበት ሰበብ አገኘ!

ቀኑ ደረሰ። በየጣሪያው ላይ ልጆች በክር የታሰረ የወረቀት ካይት እያበረሩ፣ አንዱ የሌላውን ክር ሲበጥስ "ተቆረጠ!" እያሉ ያብዳሉ። ጎብኚዎቹ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። ሥዕሎቹ በገመድ ላይ ተሰቅለዋል፤ መሮዎቹና ከባዱ የእንጨት መዶሻ በብርቱካንማ አበባ ተከበው በአምላኩ ምስል እግር ሥር ተደርድረዋል። ኒባራን አዲስ ነጭ ሽርጥ አገልድሞ በርጩማው ላይ ተሰይሟል።

"ይሄ ጸጉር እንዴት እንዲህ ሊቀጥን ቻለ ጌታዬ? እጅዎ ይባረክ!" አለች አንዲት ባለመነጽር ሴት።

"እጅ ብቻ አይደለም እመቤቴ፤ ዋናው ዓይን ነው፣ ዓይን!" አለ ያ ዓይነ ስውር፣ ሳያፍር።

"ይቺስ ከጎንዎ ያለችው ልጅ ምን ትሠራለች?"

"እሷ? ቀለም ታጥባለች።"

እንግዶቹ ሳቁ። አሎካ አንገቷን ደፋች። ቢማል ግን አልቻለም።

"አባባ፣ ኧረ እንደሱ አይበሉ! ዛሬ እንኳ አይበሉ!"

"ዝም በል፣ አንተ ውሻ!" በትሩ ድምፁን ተከትሎ ተወረወረና የቢማልን ግንባር ፈነከተው። ደሙ በቅንድቡ ላይ ተንዠቀዠቀ። እንግዶቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

"እንግዲያው እኔው መሮውን አነሳዋለሁ! ማን እንደሚቀርጽ ያኔ ይታያል!" አለ ቢማል።

"እስቲ ንካ! ጭንቅላትህን ነው የምበረቅሰው!"

ቢማል ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ወጣና ደፉ ላይ ተዘረፈጠ። አንድ ወፍራም ጎብኚ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ "ሽማግሌው እኮ አያይም። ይሄ ሁሉ ከሌላ ቤት የተሰረቀ ሥራ ነው" ሲል አሎካ ሰማች። አባቷ ሌባ ሊባል? ያ የደበቃት፣ ያ በሰው ፊት ያሳነሳት አባቷ... እሷ ግን ልትጠላው አልቻለችም፣ ትወደው ነበር! ድምፅ ሳታሰማ ተነሣች። ከአበባው መሃል መሮውን አወጣች። ሥራው የዚህ ቤት መሆኑን በዓይናቸው ያዩ ዘንድ፣ አንድ ሳንቃ ጭኗ ላይ አድርጋ መቅረጽ ጀመረች። ምነው ያን ጊዜ አፏን በከፈተች! ምነው አንዲት ቃል በተነፈሰች!

ክርት... ክርት... ኒባራን ሰማ። መውጣቱን አላየምና ቢማል የዛተውን እየፈጸመ መሰለው። የተቆጣው ስለ አምላኩ ነው? ስለ ገዛ ውሸቱ ነው? እንጃ! ያ ሌላውን እንዳይነካ የከለከለ ሰው መዶሻውን ከአምላኩ እግር ሥር መንጭቆ፣ ድምፁ በመጣበት በኩል በሙሉ ኃይሉ አወረደው። ደገመው። አጥንት ተሰበረ። ደሙ በነጩ ሽርጥ ላይ ተረጨ። ከጣሪያው ላይ ልጆቹ "ተቆረጠ! ተቆረጠ!" እያሉ ይጨፍራሉ።

"አሁንስ ጠገብክ፣ ቢማል?"

መልሱ የመጣው ከጀርባው፣ ከደጃፉ ነው።

"አባባ... እኔ እዚህ ነኝ።"

ቢማል እህቱን ሲያይ አበደ። አባቱን ከበርጩማው ጎትቶ ጣለው፤ በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በተገኘው ሁሉ ቀጠቀጠው። "ገደልካት! አንተ አረመኔ፣ ገደልካት!" ሽማግሌው አልተከላከለም። አፉ ደም እንደሞላ በእጁ እየዳበሰ ተሳበ። መጀመሪያ ሹሩባዋን አገኘ። ቀጥሎ ግንባሯን። ቀጥሎ እነዚያን ጣቶች... ጭንቅላቷን አቅፎ ወደ ላይ ቀና አለና ጮኸ።

"ስሙኝ እናንተ ሰዎች! ይሄ ሁሉ የልጄ ሥራ ነው! ጸጉሩም፣ ሞገዱም፣ ሁሉም የእሷ ነው! እኔ አላይም፣ ዕውር ነኝ! ይኸው አልኩ፣ የልጄ ሥራ ነው!"

የመለሰችለት ሱራባላ ናት፤ በትዳሯ ሁሉ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት፣ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ልጇ አጠገብ እንደተደፋች።

"ለማን ነው የምታወራው? ሰዎቹ ወጥተው ሄደዋል።"

"አሎካስ? አሎካ ሰማችኝ?"

"እሷም ሄዳለች።"

ኒባራን እስር ቤት ሞተ፤ ሬሳውንም የጠየቀ ልጅ አልነበረውም። ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ "ምን ይደረግ፣ ዕጣዋ ነው" ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቀኑን ዕጣ አልመረጠው፣ መዶሻውንም ዕጣ አላነሣው። አባት ልጁን በቁሟ አንዲት ቃል ቢሰጣት ምን ይጎድልበት ነበር? እሷን ባሰብኩ ቁጥር ይኸው እስከ ዛሬ እንባዬ ይመጣል።