በየወሩ የተጎበኘው ቢሮ

አቶ እንደሻው ከደርቡ ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ሐሙስ፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ የቆየ የሐረሪ ቤት፣ ጠበቃ ማቆም ያቃተው ሁሉ በነፃ የሚመከርበትን ቢሮ ስድስት ዓመት መርተዋል። በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴ በጀታቸውን ሊያድስ ወይም ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ቀጠሮ ይዟል። ሞት ቀን አይመርጥም ይባላል፤ ይኼኛው ግን መርጦ የመጣ ይመስላል።

ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ ደጃፉ ላይ ስትደርስ የቤቱ ባለቤት ቢላል ጫማዋን እንድታወልቅ ለመናት። ወለሉንና ደረጃውን በዚያው ጠዋት ቀይ አፈር ቀብቶ ነበር። አወለቀች። ነገር የሚያንዛዛ ሰው ያበሽቃታል፣ ዓይኗ ግን አይቸኩልም። አስከሬኑ ፎቶ ከተነሣ በኋላ የአንዱን የቆዳ ጫማ ክር ፈታች። ሶሉ ላይ ያለው የመንገድ አቧራ ብቻ ነው። የካልሲው መርገጫ ግን ቀልቷል። ጫማውንም ካልሲውንም አሽጋ ያዘች።

የቢሮው ሌላ ቁልፍ ያላት ረዳታቸው ባርኮት ብቻ ስለሆነች ፖሊሶቹ ጣታቸውን የቀሰሩት እሷ ላይ ነው። ምሳ በልታ ስትመለስ በሩን ገርበብ ብሎ እንዳገኘችው እያለቀሰች ተናገረች። አቶ እንደሻው ለኮሚቴው የጻፉት ደብዳቤም ከጠረጴዛው ጠፍቷል።

«ምን ይላል?»

«አላሳዩኝም። "ነገ ራሴ አነበዋለሁ" ብቻ ነው ያሉኝ።»

ሥራውን የሚፈልገው ጠበቃ ሙሉጌታ ነው። ማክሰኞ ዕለት ደርብ ላይ ከሟቹ ጋር መጨቃጨቁን አልካደም። በጀቱ የሚለቀቀው በባለጉዳይ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ አንዱን ሰው በዐሥር ደቂቃ ሸኝቶ እጥፍ አስተናግዳለሁ ባይ ነው። ሽማግሌው አንዲት የድሬ ጠያራ ገበሬ የመሬት ክርክሯ እስኪያልቅ አራት ጊዜ ብትመጣ በእናንተ ቆጠራ ስንት ሰው ናት ብለው እንዳፋጠጡት ራሱ ተናገረ።

የኮሚቴው የክትትል ኃላፊ አቶ ጌታነህ ለጥያቄው ፋይል ታቅፎ መጣ። የቢሮው ባለጉዳይ ጥቂት፣ ወጪው ብዙ ነው የሚሉ ሃያ አራት ሪፖርቶች ፈርሟል።

«ሁሌም ራስዎ ሄደው አይተው ነው?»

«በየወሩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ምስኪን ሰውዬ! በዚያ ዕድሜ፣ በቆዳ ጫማ እንዲያ ያለ ደረጃ መውረድ ደግ አይደለም።»

ሮማነወርቅ አመስግና ሸኘችው። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ወደዚያው ቤት ጠራች፤ ራሷ ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀቻቸው። ባርኮት ደፍ ላይ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ገባች። ሙሉጌታ ስልክ እያናገረ በአንዱ እግሩ የሌላውን ጫማ ገፍቶ አወለቀ። አቶ ጌታነህ ሰተት ብሎ ቀዩ ወለል መካከል ቆመ።

«አስተግፊሩላህ! ጌታዬ፣ ጫማ!» አለ ቢላል።

«ተወው፣ ይቁም» አለች ሮማነወርቅ። «አቶ እንደሻው የተገኙት ጫማ አድርገው ነው። ሶሉን ግን የደረጃው ቀይ አፈር አልነካውም፤ የቀላው ካልሲያቸው ነው። ስለዚህ የወደቁት በካልሲ ነው። ጫማውን ከደጅ አምጥቶ ያጠለቀላቸው ሌላ ሰው ነው።»

«ለምን ብሎ?» አለ ሙሉጌታ።

«ወደ ደጅ ሊወጡ ሲሉ አዳለጣቸው እንዲባል። እዚህ ቤት በጫማ ደረጃ የሚወጣም የሚወርድም እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ባርኮት ታውቃለች። እርስዎም አሁን ሳያስቡት አወለቁ። ሃያ አራት ጊዜ ጎበኘሁ ያሉት ግን ይኸው ቆመዋል። አቶ ጌታነህ፣ የትናንቱን ጫማዎን ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤትዎ ወስደናል። ሶሉ ቀይ አፈር ጠጥቷል።»

ጌታነህ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሪፖርቱን ሁሉ የጻፈው ከወንበሩ ሳይነሣ ነበር። ደብዳቤው የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌው ቀድመው በስልክ ነግረውታል። ተዉልኝ ብሎ ሊለምን መጣ፣ እምቢ አሉት፣ ደብዳቤውን ሊነጥቅ ሲታገል ገፈተራቸው። ወረቀቱን አቃጥሎታል።

«አንድ ቀን እንኳ መጥተው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውም አይጻፍም ነበር» አለችው። ከዚያ ወደ ባርኮት ዞረች። «አንቺ ወደ ኮሚቴው ሂጂ።»

«ደብዳቤው የለም እኮ። ምን እላለሁ?»

«እንጃ። እሳቸው ግን መሄዳቸው አይቀርም ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው፣ ሽበታም ሰው፣ ኮሚቴው በእጁ ባለው ሪፖርት መሠረት ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። ባርኮት ከኋላ ተነሣች።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከእናንተ ውስጥ ቢሯችን ገብቶ የሚያውቅ አለ?»

ሰባቱም የኮሚቴ አባላት እርስ በርስ ተያዩ። አንድም እጅ አልወጣም። ሰብሳቢው ፋይሉን ዘግተው መነጽራቸውን አወለቁና ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ መንገዱን አሳዪን» አሏት።